ትልቅ ሥጋ በኦቭን ለመጥበስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ጥያቄ፦ «4 ኪሎ የሚመዝን፣ ከነአጥንቱ ያለ የበግ የኋላ እግር በኦቭን ልጠብስ ነው። እንግዶቼ 10 ናቸው፤ ትንንሽ ልጆችም አዛውንቶችም አሉበት። ከዚህ በፊት 2 ኪሎውን በ2 ሰዓት አውጥቼው ጥሩ ሆኖልኛል። አሁን እጥፍ ስለሆነ 4 ሰዓት ላቆየው? አንዱ ዘመዴ በኪሎ 40 ደቂቃ ይበቃል ይላል፣ ሌላዋ በኪሎ 1 ሰዓት ትላለች። ጊዜ እንዳያጥረኝ ሙቀቱን 220 ባደርገውስ? መጀመሪያ መጥበሻ ላይ ጠበስ ካልተደረገ ውሃው ይወጣል የሚባለውስ እውነት ነው?»

ምላሽ፦ 4 ሰዓት አያቆዩት፤ ይደርቅብዎታል። ኦቭንዎ 165 ዲግሪ ላይ በትክክል የሚሠራ ከሆነ ከ3 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። ይህን ቁጥር ግን ፕሮግራም ለማውጣት ብቻ ይጠቀሙበት። ሥጋው መብሰሉን የሚያረጋግጥልዎት የመሀሉ ሙቀት ነው፤ እሱን የሚለካ ቴርሞሜትር ከሌለዎት እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት አንድ ይግዙ።

«እጥፍ ኪሎ፣ እጥፍ ሰዓት» የሚለው ስሌት የማይሠራው ሙቀት ኪሎ ስለማይቆጥር ነው። የኦቭኑ አየር የሚያገኘው የሥጋውን ገጽ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ሙቀቱ ከላይኛው ሽፋን ወደ ቀጣዩ፣ ከቀጣዩም ወደ ሌላው እየተላለፈ እስከ መሀል ይጓዛል። ሥጋ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሙቀትን የሚያስተላልፈውም ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ጊዜውን የሚወስነው ከገጹ እስከ መሀሉ ያለው ርቀት ነው። ጊዜው ደግሞ ከርቀቱ ጋር እኩል እያደገ አይሄድም፤ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ጊዜው ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል። ሥጋውን ከመመዘንዎ በፊት ወፍራሙን ቦታ በማስመሪያ ቢለኩት የበለጠ ይጠቅምዎታል።

በራስዎ ሥጋ እንየው። የ2 ኪሎው እግር ወፍራሙ ቦታ ላይ 8 ሴንቲሜትር ነበር እንበል። ቅርጹ ያው የሆነ 4 ኪሎ እግር በርዝመትም በወርድም በውፍረትም ትንሽ ትንሽ ስለሚጨምር ውፍረቱ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። 10 ለ8 ሲካፈል 1.25፣ ይህ በራሱ ሲባዛ 1.56 ይሆናል። የበፊቱን 2 ሰዓት በዚህ ያባዙት፤ ወደ 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይመጣል። በአንጻሩ ውፍረቱ ያው ሆኖ ርዝመቱ ብቻ እጥፍ የሆነ ሥጋ፣ ለምሳሌ ከአጥንት የተለየ ረጅም የበሬ ሽንጥ፣ 4 ኪሎ ቢመዝንም ከ2 ኪሎው ብዙም አይዘገይም።

የዘመዶችዎ ክርክርም እዚሁ ላይ ይፈታል። 2 ኪሎው በ2 ሰዓት ሲበስል በኪሎ 60 ደቂቃ ፈጀ ማለት ነው። 4 ኪሎው በ3 ሰዓት ከ10 ሲበስል በኪሎ 47 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ያው ቅርጽ ያለው 6 ኪሎ ቢኖርዎት ደግሞ በኪሎ ወደ 42 ደቂቃ ይወርዳል። ሥጋው በተለቀ ቁጥር ጠቅላላው ጊዜ ይጨምራል፣ በኪሎ የሚደርሰው ደቂቃ ግን ይቀንሳል። በኪሎ 1 ሰዓት የምትለው ዘመድዎ ትንሽ ሥጋ መጥበስ የለመደች ትመስለኛለች፤ 40 ደቂቃ የሚለው ደግሞ ትልቅ። ሁለቱም በየራሳቸው መጠን ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ የሚመጣው ለአንዱ መጠን የሠራውን ቁጥር ለሌላው ሲያውሉት ነው፤ በ1 ሰዓቱ ስሌት ትልቁን ያደርቁታል፣ በ40 ደቂቃው ደግሞ ትንሹን ሳይበስል ያወጡታል።

ሙቀቱን 220 ማድረግ ጊዜውን ትንሽ ያሳጥራል፣ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የኦቭኑ ሙቀት ሲጨምር የሚቸኩለው የውጩ ክፍል ነው፤ መሀሉ ሙቀቱን የሚቀበለው በዚያው ዘገምተኛ መንገድ ነው። መሀሉ ገና 60 ዲግሪ ሲደርስ ከገጹ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ያለው ሥጋ ከልክ አልፎ ይደርቃል። ሲቆርጡት በግልጽ ይታያል፦ ከዳር ግራጫ የሆነ፣ ክሩ የሚለያይ ወፍራም ቀለበት፣ መሀሉ ላይ ብቻ ለስላሳና ወዝ ያለው ትንሽ ክብ። በ165 ዲግሪ የተጠበሰው ላይ ቀለበቱ ቀጭን ነው፤ አብዛኛው ሥጋ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። ከፍተኛ ሙቀት የሚያስፈልገው ለገጹ ቀለም ነው፤ ለእሱ የመጀመሪያዎቹ 15 ወይም 20 ደቂቃዎች በ220 ይበቃሉ፣ ከዚያ ወደ 165 ያውርዱት። ኦቭንዎ ፋን ካለውና ከከፈቱት 145 ወይም 150 ያድርጉት፤ የሚንቀሳቀስ አየር ሙቀትን ወደ ሥጋው በፍጥነት ስለሚያደርስ ፋን ከሌለው ኦቭን 165 ጋር ይመጣጠናል። ከዚህ በጣም ዝቅ አድርጎ ሌሊቱን ሙሉ ማቆየትን ግን ለጀማሪ አልመክርም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴርም ሥጋ ከ163 ዲግሪ በታች በሆነ ኦቭን እንዳይጠበስ ይመክራል፤ ምክንያቱ ሥጋው ባክቴሪያ በሚራባበት ሙቀት ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንዳይቆይ ነው።

ስለ ኦቭኑ አንድ ነገር ልጨምር። የቤት ውስጥ ኦቭን መዘውር ላይ የተጻፈው ቁጥርና ውስጡ ያለው ትክክለኛ ሙቀት በ10 እና በ20 ዲግሪ መለያየታቸው የተለመደ ነው። ውስጥ የሚቀመጥ የኦቭን ቴርሞሜትር ይህን ይገልጥልዎታል። በሩን በየደቂቃው እየከፈቱ ማየትም ይቅር፤ በተከፈተ ቁጥር ሞቃቱ አየር ይወጣል፣ ኦቭኑም እንደገና እስኪግል ጊዜ ይወስዳል። የምግብ አሠራር ጽሑፍ ላይ ያነበቡት ሰዓት እርስዎ ቤት አልሠራ ያለበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው።

መጥበሻ ላይ ቀድሞ ጠበስ ማድረግ ውሃውን ይቆልፋል የሚባለው ትክክል አይደለም። ሐሳቡን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፋው ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ነው፤ ኋላ በሚዛን ሲፈተን ግን ቀድሞ የተጠበሰው ሥጋ ካልተጠበሰው የተሻለ ውሃ አልያዘም። መጥበሻው ላይ ያለው ቡናማ ገጽ ሲጮህ የሚሰሙት ድምፅ ራሱ ውሃ እየወጣ መሆኑን ይናገራል። ቢሆንም ጠበስ ማድረጉን አይተዉት፤ ጥቅሙ ጣዕም ነው። የሥጋው ፕሮቲንና ስኳር በከፍተኛ ሙቀት ሲገናኙ ቡናማው ቀለምና ያ የጥብስ ሽታ ይፈጠራል፤ ሂደቱን ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ነው። ይህ እንዲሆን ገጹ ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥብ ገጽ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ሥጋውን አንድ ቀን ቀድመው በኪሎ 10 ግራም ያህል ጨው ቀብተው፣ ሳይሸፍኑ ፍሪጅ ውስጥ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያሳድሩት። ጨው ወደ ውስጥ የሚገባው በዝግታ ነው፤ ሊጠበስ ሲል የተነሰነሰ ጨው ገጹ ላይ ይቀራል። ለ4 ኪሎዎ 40 ግራም መሆኑ ነው።

ውሃውን በእርግጥ የሚያስወጣው የመሀሉ ሙቀት ከልክ ማለፉ ነው። ሥጋ መሀሉ ከ50 ዲግሪ ጀምሮ ፕሮቲኑ መልኩን እየለወጠ ይጠነክራል። ከ60 እስከ 65 ባለው ውስጥ የጡንቻ ክሮቹን የሸፈነው ኮላጅን የሚባለው የጅማት ፕሮቲን ይኮማተራል፤ ያን ጊዜ ክሮቹን ጨምቆ ውሃቸውን ያስወጣል። ቀዩ ቀለም እየደበዘዘ የሚሄደውም እዚህ አካባቢ ነው። ከ70 ካለፈ በኋላ በየዲግሪው ድርቀቱ ይሰማል። ታሪኩ ግን እዚያ አያልቅም። ከ80 በላይ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ያው ኮላጅን ቀልጦ ጄላቲን የሚባል ለስላሳ ነገር ይሆናል፤ ጅማት የበዛበት ሥጋ ልስልስ ብሎ በሹካ የሚለያየው ለዚህ ነው። ወርች፣ ፍሪምባና የመሳሰለው ብዙ የሠራ ጡንቻ ይህን ሁለተኛውን መንገድ ይፈልጋል፤ በ65 ዲግሪ ቢያወጡት እንደ ጎማ ይሆናል። ሽንጥ ደግሞ ጅማቱ ትንሽ ስለሆነ ወደ 80 ቢገፉት ደርቆ ይቀራል እንጂ አይለሰልስም። የኋላ እግር በመካከል ነው፤ የወጣት በግ ከሆነ በ65 እና በ70 መካከል ደስ ይላል፣ ያረጀ በግ ከሆነ ግን ተሸፍኖ ለረጅም ጊዜ መብሰል ይሻለዋል። ገና ሳይጀምሩ የትኛውን መንገድ እንደሚከተሉ ይወስኑ፤ ሁለቱን ማደባለቅ፣ ማለትም ለስላሳ ይሆናል ብሎ ሽንጡን ወይም ጭኑን ሳይሸፍኑ ደረቅ ኦቭን ውስጥ 4 እና 5 ሰዓት መተው፣ ከሁሉ የባሰው ነው።

አሁን ወደ ደኅንነቱ። ላልተፈጨና ላልተወጋ ሙሉ የበሬ፣ የበግና የአሳማ ሥጋ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ የመሀል ሙቀት 63 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ ማረፍ አለበት። ለአሳማ ቀድሞ የነበረው 71 ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆነ። የተፈጨ ሥጋ 71፣ ዶሮ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ልዩነቱ ባክቴሪያው ያለበት ቦታ ነው፦ በሙሉ ሥጋ ላይ አብዛኛው ገጹ ላይ ስለሚኖር የኦቭኑ ሙቀት ቶሎ ያጠፋዋል፤ ሲፈጭ ግን ወደ ውስጥ ይደባለቃል። ስለዚህ አጥንቱ ወጥቶ፣ ተሞልቶና ተጠቅልሎ በሲባጎ የታሰረ ሥጋ እንደ ሙሉ ሥጋ መታየት የለበትም፤ ገጹ የነበረው አሁን መሀል ገብቷል። በቢላ እየተወጋ ነጭ ሽንኩርት የተጎሰጎሰበትም እንደዚሁ ነው። ለእነዚህ 71፣ ውስጡ የተሞላ ከሆነ ደግሞ 74 ዲግሪን ዝቅተኛ ያድርጉ። በገበታው ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አዛውንት ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ካለም ሙሉውን ሥጋ 71 ያድርሱት። ሥጋ ውስጥ ሊኖሩ የሚችሉት ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስና የኮሶ ትል እጮችም በዚህ ሙቀት ይሞታሉ።

በእርስዎ ገበታ ልጆችና አዛውንቶች ስላሉ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ መሀሉ 67 ሲደርስ ያውጡት፤ እያረፈ ወደ 71 ይወጣል፤ 71 መድረሱን አይተው ይቁረጡ። ከኦቭን የወጣ ትልቅ ሥጋ መብሰሉን ወዲያው አያቆምም። ውጩ ከመሀሉ በጣም ስለሚሞቅ ሙቀቱ ወደ ውስጥ መግባቱን ይቀጥላል፤ በ165 ዲግሪ የተጠበሰ የእርስዎን ያህል እግር በ4 እና በ5 ዲግሪ ከፍ ይላል፣ በ220 የተጠበሰ ደግሞ ከዚያም በላይ። ይህን የማያውቅ ሰው 71 ላይ አውጥቶ 76 ላይ ይቆርጠዋል። ሲያርፍ ፎይል ላላ አድርገው ጣል ያድርጉበት፤ ጥብቅ አድርገው ከጠቀለሉት እንፋሎቱ ያንን የደከሙበትን ቡናማ ገጽ ያረጥበዋል። 71 ካልደረሰ ወደ ኦቭኑ ይመልሱት፤ 10 ደቂቃ ይበቃዋል።

ቴርሞሜትሩን ስለ መውጋት ትንሽ ልዘርዝር፤ ብዙ ሰው መሣሪያው ኖሮት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ወፍራሙ ጡንቻ ጋ ይውጉ። መሀሉን አልፎ እስኪሄድ ይግፉትና በጣም ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ይሳቡት። ቁጥሩ እየወረደ ይመጣል፤ 64፣ 61፣ 58፤ አንድ ቦታ ላይ ይቆምና እንደገና መውጣት ይጀምራል። ያ ዝቅተኛው ቁጥር ነው የሥጋው እውነተኛ መሀል። በመንገዱ ላይ ጫፉ ጠንካራ ነገር ከነካ አጥንት ነው፤ አጥንቱ ላይ የሚያነቡት ቁጥር ስለ ሥጋው አይናገርም፣ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ራቅ ብለው እንደገና ይውጉ። ሁለተኛ ቦታም ይሞክሩ፣ ከዳሌው በኩል ያለው ሥጋ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። ቴርሞሜትሩ ልክ መሆኑን ለማየት ብርጭቆ ሙሉ የተከሰከሰ በረዶ ላይ ጥቂት ውሃ ጨምረው ጫፉን ይንከሩት፤ 0 ማሳየት አለበት። በፈላ ውሃ መፈተሽ የሚቻለው የቦታዎን ከፍታ ካወቁ ነው፤ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው በባሕር ወለል ደረጃ ነው፣ ወደ ላይ በየ300 ሜትሩ መፍያው በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል።

ቴርሞሜትር መውጫ ሰዓቱንም ይነግርዎታል። በ2 ሰዓቱ አንድ ጊዜ ይለኩ፣ 20 ደቂቃ ቆይተው እንደገና ይለኩ። መጀመሪያ 41፣ ቀጥሎ 49 ቢያገኙ በ20 ደቂቃ 8 ዲግሪ ሄዷል። እስከ 67 የቀረው 18 ነው፣ ስለዚህ 45 ደቂቃ፤ ወደ መጨረሻው ትንሽ ስለሚዘገይ 50 ይበሉት። ከማንኛውም የኪሎ ሠንጠረዥ ይልቅ ይህ ያስተማምናል፤ የተለካው የእርስዎ ሥጋ፣ በእርስዎ ኦቭን፣ በዚያው ቀን ነውና። የመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ መሀሉ እምብዛም ካልተንቀሳቀሰ አይደንግጡ፤ ሙቀቱ ገና መንገድ ላይ ነው። ያን ጊዜ ተደናግጦ እሳቱን መጨመር ሥጋ ከሚበላሽባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ነው።

የቆረጡት ሥጋ ሮዝ ፈሳሽ ቢያወጣ ወይም ባያወጣ ማስረጃ አድርገው አይውሰዱት። ቀለሙ የሚመጣው ማዮግሎቢን ከሚባለው ፕሮቲን ነው፣ እሱም እንደ ሥጋው አሲድነትና ዕድሜ በተለያየ ሙቀት ይለወጣል። ሳይበስል የነጣም፣ በደንብ በስሎ ሮዝ የቀረም ሥጋ አለ።

ሥጋው በረዶ ከሆነ ሒሳቡ ሁሉ ይለወጣል። ፍሪጅ ውስጥ ለመቅለጥ በየ2 ኪሎው 24 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ የእርስዎ 2 ቀን ማለት ነው። ጠረጴዛ ላይ አያቅልጡት፤ መሀሉ ገና በረዶ እያለ ገጹ ለሰዓታት ሞቆ ይቆያል። ጊዜ ከሌለ ከነበረዶው ወደ ኦቭን ማስገባት ይቻላል፣ ጊዜው ግን በግማሽ ይጨምራል፣ የ3 ሰዓቱ ወደ 4 ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ከፍሪጅ አውጥቶ «ክፍሉን ይልመድ» ብሎ 1 ሰዓት ማስቀመጥን በተመለከተ፣ ለእንዲህ ያለ ትልቅ ሥጋ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መሀሉ በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው የሚሞቀው። ከ2 ሰዓት በላይ ግን ፈጽሞ አያስቀምጡት፤ ክፍሉ ከ32 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ከሆነ ከ1 ሰዓት በላይ አይሁን። ዛሬ ግማሽ አብስሎ አሳድሮ ነገ መጨረስ የሚባለውንም ይተዉት። ግማሽ የበሰለ ሥጋ መሀሉ ለባክቴሪያ ተስማሚ በሆነ ሙቀት ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ እስኪበርድም ሌላ ብዙ ሰዓት አለ።

በእውነት ጊዜ ካጠረዎት መላው ሥጋውን መቁረጥ ነው። ሥጋ ቆራጩ እግሩን ወፍራሙ ቦታ እንዲቀጥን አድርጎ እኩል ለሁለት ይክፈልልዎት፤ ሁለት 2 ኪሎ ቁራጮች በመካከላቸው አየር የሚያልፍበት ቦታ ትተው ጎን ለጎን ቢያስገቧቸው ከ2 ሰዓት ብዙም ሳያልፉ አብረው ይደርሳሉ። ኦቭኑ ጥቅጥቅ ብሎ ከሞላ ትንሽ ይዘገያል። በዚያ ላይ አንዱን ለልጆቹና ለአዛውንቶቹ እስከ 71፣ ሌላውን ለሚፈልጉት እስከ 63 ማድረስ ይችላሉ። አንድ ሙሉ እግር ገበታ ላይ ሲቀርብ ያለውን ግርማ አላጣጥልም፤ ለ10 ሰው ግን እኔ ለሁለት ብከፍለው እመርጣለሁ።

ቴርሞሜትር ማግኘት ካልቻሉ በደረቁ አይጥበሱት። ሥጋውን ገጹን ጠበስ አድርገው ጥልቅ ዕቃ ውስጥ ያስገቡ፤ ሲሦው ድረስ መረቅ ወይም ውሃ ጨምረው፣ በክዳን ወይም በፎይል ጥብቅ አድርገው ሸፍነው በ165 ዲግሪ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያብስሉት። እዚህ ላይ መለኪያው ሹካ ነው፤ ያለ ትግል ገብቶ ያለ ትግል ሲወጣ ደርሷል፣ እዚያ የደረሰ ሥጋ ከደኅንነቱ ወለል በጣም አልፏል። ይህኛው መንገድ 30 ደቂቃ ቢያልፍ ይቅር የሚል ነው። በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ግን ተጨማሪ ጊዜ ይያዝ፦ 2,000 ሜትር ላይ መረቁ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ኮላጅኑ የሚቀልጠውም በዚያው ልክ ቀስ ብሎ ነው።

ስለ ካም፣ ማለትም በጨው ስለተዘጋጀ የአሳማ ጭን፣ ለሚጠይቁም በአጭሩ፦ መጀመሪያ ማሸጊያውን ያንብቡ። አብዛኛው ካም በስሎ የተሸጠ ነው፣ የሚፈልገው መሞቅ ብቻ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ እንደታሸገ ከሆነ 60 ዲግሪ፣ ማሸጊያው ከተከፈተ ወይም ከተቆራረጠ 74 ዲግሪ። ከነአጥንቱ ያለ ሙሉ የበሰለ ካም በ163 ዲግሪ በኪሎ ከ33 እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳል፤ ከሥሩ ጥቂት ውሃ ጨምረው ይሸፍኑት፣ አለዚያ ይደርቃል። ጥሬ ከሆነ ግን እንደ ማንኛውም ጥሬ ሥጋ 63 መድረስ አለበት፣ በኪሎም 50 ደቂቃ ገደማ ያስቡለት።

ለቀኑ ፕሮግራም ሲያወጡ ከገበታው ሰዓት ወደ ኋላ ይቁጠሩ፦ ለመቁረጥ 15 ደቂቃ፣ ለማረፍ 30፣ ለመጥበስ 3 ሰዓት ከ10፣ ከዚያ ላይ ሌላ 45 ደቂቃ መጠባበቂያ። በድምሩ ወደ 4 ሰዓት ከ40 ነው። መጠባበቂያውን አይዝለሉት። ሥጋው ቀድሞ ከደረሰ ችግር የለም፤ ትንሽ አሳርፈው ኦቭኑን ወደ 75 ዲግሪ አውርደው ተሸፍኖ ቢመለስ 1 ሰዓት ያህል ሳይበላሽ ይጠብቃል፣ የመሀሉ ሙቀት ከ60 በታች እንዳይወርድ ብቻ ይከታተሉ። ዘግይቶ ከተገኘ ግን እንግዶች ፊት እሳት ከመጨመር ሌላ ምርጫ አይኖርዎትም።

የተረፈውን አጥንቱ ላይ እንዳለ አያሳድሩት። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ የማብሰያውን ሙቀት ይቋቋማል፤ ሥጋው ቀስ ብሎ ሲበርድ፣ በተለይ ከ43 እስከ 47 ዲግሪ ባለው ውስጥ፣ በጣም በፍጥነት ይራባል። ገበታው በተነሣ ጊዜ ከአጥንቱ ለይተው ይቆራርጡት፣ ጥልቀት በሌለው ዕቃ ዘርግተው ከኦቭን በወጣ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ያስገቡት፣ በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥ ይጨርሱት። ሲያሞቁት 74 ዲግሪ ይድረስ።